ዝምተኞቹ ምስክሮች፦ በቤት ውስጥ ጥቃት ለተገደሉ ሴቶች የአደባባይ መታሰቢያ አሠራር

እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ ሚኒሶታ ክፍለ ግዛት በአንድ ዓመት ውስጥ 26 ሴቶች በባሎቻቸው፣ በቀድሞ ባሎቻቸው፣ በፍቅረኞቻቸው ወይም በሚያውቋቸው ሰዎች እጅ ተገደሉ። የአካባቢው ሴት ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች ተሰባስበው ለእያንዳንዷ ሟች በሰው ቁመት ልክ ከእንጨት የተቆረጠ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ዓይንና አፍ የሌለው ምስል ሠሩላት፤ በደረቷም ላይ ስሟንና ታሪኳን የያዘ ወርቃማ ሰሌዳ አኖሩ። ከ26ቱ ሌላ 27ኛ ምስል ጨመሩ፤ ይህችኛዋ የምትቆመው ገዳያቸው ሳይታወቅ ለቀረ ወይም አሟሟታቸው በስህተት «አደጋ» ተብሎ መዝገቡ ለተዘጋባቸው ሴቶች ነው። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1991 ከ500 የሚበልጡ ሴቶች ተሰብስበው፣ ምስሎቹን በሰልፍ ይዘው በሴንት ፖል ከተማ ወደሚገኘው የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሕንፃ ገቡ። «ዝምተኛ ምስክሮች» የሚባለው የመታሰቢያ ዓይነት የተጀመረው እንዲህ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየክፍለ ግዛቱና በሌሎች አገሮችም ተሠርቷል።

ይህን አሠራር ለአማርኛ አንባቢ ደረጃ በደረጃ መጻፍ ያስፈለገኝ በብዙ ቦታ ተመሳሳይ ጥያቄ ስለሚነሣ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ ባሉ የማኅበረሰብ ማዕከላት አንዲት ሴት በተገደለች ቁጥር ሻማ ይበራል፣ ፎቶዋ በስልክ ይዞራል፣ ከአርባዋ በኋላ ግን ዝም ይባላል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት መሠረት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ያገቡ ወይም አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት በትዳር አጋራቸው አካላዊ፣ ጾታዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። የተባበሩት መንግሥታት ግምት እንደሚያሳየው ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ዙሪያ ወደ 51,100 የሚጠጉ ሴቶችና ልጃገረዶች በትዳር ወይም በፍቅር አጋሮቻቸው ወይም በቤተሰብ አባሎቻቸው ተገድለዋል፤ ይህም በቀን 140 ያህል ማለት ነው። ቁጥር ግን ቆሞ ዓይን ለዓይን አያይም። በቁመት ልክ የተሠራ ምስል የሚያደርገው ይህን ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። እንጨቱን መቁረጥና መቀባት የሁለት ሳምንት ሥራ ነው፤ ጥሩ አናጺ ካለ ከዚያም ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ጊዜውንና ጭንቀቱን ሁሉ የሚወስደው በደረቷ ላይ የሚጻፉት ሃምሳ ወይም ስድሳ ቃላት ናቸው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ስለ ቃላቱ የምጽፈው ስለ እንጨቱ ከምጽፈው ይረዝማል።

አንደኛ፦ የሚታሰቡት እነማን እንደሆኑ መወሰን

ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ወሰኖች በጽሑፍ ይቀመጡ፦ ቦታ፣ ዘመንና ዝምድና። የሚኒሶታዎቹ ሴቶች ወሰናቸውን አንድ ክፍለ ግዛትና አንድ ዓመት ስላደረጉት ማንንም ሳያስቀሩ ሁሉንም ማቆም ችለዋል። «በኢትዮጵያ የተገደሉ ሴቶች በሙሉ» ብሎ የሚነሣ ቡድን ግን የጀመረውን አይጨርስም፤ ከሁሉም በላይ የተተወችው ሴት እናት «የእኔስ ልጅ?» ስትል የሚመልሰው አይኖረውም። «በዚህ ክፍለ ከተማ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት» ወይም «በዚህ ከተማ በሚኖረው የአማርኛ ተናጋሪ ማኅበረሰብ፣ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት» ብሎ መገደብ ይሻላል።

ዝምድናን በሚመለከት፣ ባል ብቻ ሳይሆን የቀድሞ ባል፣ እጮኛ፣ የወንድ ጓደኛ፣ አባትና ወንድምም እንዲካተቱ እመክራለሁ። ከተፋቱ በኋላ የተገደሉትን መተው ትልቅ ስህተት ይሆናል፤ ሴት ልጅ ከቤቱ ለመውጣት የወሰነችበትና ከወጣች በኋላ ያለው ጊዜ ከሁሉ የከፋ አደጋ ያለበት ጊዜ ነውና። አብራ የተገደለች እናት፣ እህት ወይም ልጅ ካለችም የራሷ ምስል ይኑራት እንጂ በሌላዋ ሰሌዳ ላይ በአንድ መስመር አትታለፍ።

መረጃ የሚሰበሰበው ከፍርድ ቤት ውሳኔዎች፣ ከፖሊስ መግለጫ፣ ከጋዜጦችና ከሴቶች የሕግ ድጋፍ ሰጪ ማኅበራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በዚህ ረገድ የረዥም ጊዜ ልምድ አለው። እያንዳንዱ ጉዳይ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ምንጮች ይረጋገጥ፤ አንድን ዜና ገልብጠው ያወጡ አሥር ገጾች እንደ አንድ ምንጭ ይቆጠሩ።

ሁለተኛ፦ ከቤተሰብ ጋር መነጋገር

ያለ ቤተሰብ ፈቃድ የማንንም ስም በአደባባይ አታቁሙ። ይህ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም።

ፈቃድ የሚጠየቀው በስልክ ወይም በደብዳቤ ሳይሆን ቤት ድረስ ሄዶ፣ ተቀምጦ ነው፤ እንደ ልቅሶ ደራሽ እንጂ እንደ ጋዜጠኛ አይገባም። ከሁለት ያልበለጡ ሰዎች ይሂዱ፤ አንዷ ቤተሰቡ የሚያውቃት ጎረቤት፣ የዕድር አባል ወይም የሟች ጓደኛ ብትሆን መልካም ነው። በመጀመሪያው ቀን ወረቀት አይውጣ፣ መቅረጫም አይከፈት። ነገሩን አስረድታችሁ፣ የሌላ ቦታ ሥራ ፎቶ አሳይታችሁ ተመለሱ፤ መልሱን በሳምንቱ ወይም በሁለተኛው ሳምንት ተቀበሉ። በሐዘን ላይ ያለ ሰው እንግዳ ላለማሳዘን ሲል «እሺ» ሊል ይችላልና፣ የመጀመሪያው «እሺ» እንደ ፈቃድ አይወሰድ።

ማን ይፍቀድ የሚለው ጥያቄ ራሱ ከባድ ነው። ባል ገዳይ ሲሆን የልጆቹ አሳዳጊ አንዳንድ ጊዜ የእሱ ቤተሰብ ይሆናል፤ አያት ከአያት ይጋጫል። በእኔ አስተያየት ቅድሚያ የሚሰጠው ለሟች እናትና አባት፣ ቀጥሎ ለእህትና ወንድሞቿ፣ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆች ካሉ ደግሞ ከሁሉም በፊት ለልጆቿ ነው። ከልጆቿ አንዱ እንኳ «አልፈልግም» ካለ ስሟ ይቅር፤ ያ ልጅ ነገ ትምህርት ቤት ይሄዳል። እንዲህ ያለችው ሴት ስም በሌላት ምስል፣ ማለትም በ27ኛዋ ትወከላለች፤ ይህንንም ለቤተሰቡ ንገሯቸው፣ ብዙዎች ያጽናናቸዋል።

የሰው ምስል ማቆም በእምነታቸው የማይፈቀድላቸው ቤተሰቦች አሉ። ምስሉ ፊት የሌለው የጥላ ቅርጽ መሆኑን ሲያዩ የሚቀበሉ ይኖራሉ፤ የማይቀበሉም ይኖራሉ። ለእነሱ በምስሉ ፋንታ ቀይ የተቀባ ባዶ በርጩማ ወይም አንድ ጥንድ ጫማ ከነሰሌዳው ማቆም ይቻላል። ይህን አማራጭ እነሱ እስኪጠይቁ ሳትጠብቁ ራሳችሁ አቅርቡላቸው።

ፈቃዱ በጽሑፍ ሲሰፍር ሦስት ነገሮችን ይያዝ፦ የትኛው ጽሑፍ እንደጸደቀ፣ ምስሉ የት የት እንደሚታይ፣ እንዲሁም ቤተሰቡ በማንኛውም ጊዜ ምክንያት ሳይጠየቅ ማንሣት እንደሚችል።

ሦስተኛ፦ በደረቷ ላይ የሚጻፈው

የሰሌዳው ጽሑፍ ከ50 እስከ 70 ቃላት ይሁን። ቆሞ የሚያነብ ሰው ከዚያ በላይ አይታገሥም፣ ከዚያ በታች ደግሞ ሴትዮዋ አትታይም።

በመጀመሪያ የሚመጣው ሕይወቷ ነው። የት ተወለደች፣ ምን ሠራች፣ ምን ትወድ ነበር፣ ሰው በምን ያስታውሳታል? ከቤተሰብ ጋር ስትነጋገሩ «ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የምታገኙት መልስ «ደግ ነበረች፣ ሰው ወዳጅ» የሚል ብቻ ነው። «ቅዳሜ ጠዋት ምን ታደርግ ነበር?» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ዶሮ እየገነጠለች ሬዲዮ ትከፍት እንደነበር፣ ከገበያ ስትመለስ ለሰፈር ልጆች ሸንኮራ ትገዛ እንደነበር፣ ማታ ኮሌጅ ስትሄድ ደብተሯን በነጠላዋ ጠቅልላ ትይዝ እንደነበር ይነገራችኋል። ሰሌዳው የሚፈልገው ይህን ነው።

ቀጥሎ አገዳደሏ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ አድራጊው በግልጽ ይታይ። ቋንቋችን እዚህ ላይ ብዙ መደበቂያ አለው። «ሕይወቷ አለፈ»፣ «በባልና ሚስት ጠብ ምክንያት»፣ «በቅናት ተነሣሥቶ»፣ «ሰይጣን አሳስቶት»፣ «በአለመግባባት የተነሣ» የሚሉት አባባሎች ሁሉ ከሰሌዳው ይውጡ። ሕይወት በራሷ አታልፍም፤ ጠብ ሲባል ሁለት ሰው እኩል የተጣላ ይመስላል፤ ቅናት የተባለው ደግሞ ለገዳዩ ፍቅር ሆኖ ይቆጠርለታል። የሚጻፈው «ባሏ ገደላት» ነው። ሁለት ቃላት ይበቃሉ። መሣሪያው፣ የቁስሉ ብዛትና የሬሳው ሁኔታ አይጻፍ፤ አንባቢ የሚያስታውሰው እሱን ብቻ ይሆናልና።

የገዳዩ ስም አይጻፍም። ይህ ከሕግም ከመታሰቢያው ዓላማም ጋር ይስማማል፤ ሰሌዳው የእሷ ነው። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ውሳኔ ካላገኘ ጥንቃቄው እጥፍ ይሆናል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ስለዚህ «ተገድላለች፤ ባለቤቷ ተከሶ ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» ተብሎ ይጻፍና ውሳኔው ሲሰጥ ሰሌዳው ይለወጥ። ሁሉንም ጽሑፎች ከመታተማቸው በፊት አንድ ጠበቃ ያንብባቸው።

ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ ከመገደሏ በፊት ምን እንደተደረገ ቢጻፍ እደግፋለሁ። ስንቶቹ «ገበናሽን ሸፍኚ» ተብለዋል፣ ስንቶቹ በሽማግሌ ታርቀው ወደዚያው ቤት ተመልሰዋል! ይህ ሽማግሌዎችን ለመክሰስ የሚጻፍ አይደለም፤ አብዛኞቹ ቤት ላለማፍረስ በቅን ልቦና ያደረጉት ነው። ሆኖም «ሦስት ጊዜ ታርቃ ተመልሳለች» የሚለውን መስመር የሚያነብ ሽማግሌ በአራተኛው ሌላ ነገር ሊያደርግ ይችላል።

ቅርጹን ለማሳየት ያህል፣ የማንንም እውነተኛ ታሪክ ያልያዘ ናሙና ይኸውና፦

«ደብረ ብርሃን ተወለደች። በ19 ዓመቷ አዲስ አበባ መጥታ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የሂሳብ ሠራተኛ ሆነች። ማታ ማታ ትማር ነበር፤ ለመመረቅ አንድ ዓመት ቀርቷት ነበር። የእንጀራዋ ዓይን የሚያስቀና ስለነበር ጎረቤት ለበዓል ታስጋግራት ነበር። ሁለት ጊዜ ከቤት ወጥታ ሁለቱንም ጊዜ በሽማግሌ ተመለሰች። በ27 ዓመቷ ባሏ ገደላት። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎታል። ልጇ አሁን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት።»

ስለ ስም አጻጻፍ ለብቻው ልናገር፤ በዚህ ተሳስቼ አውቃለሁና። ከጋዜጣ ገልብጠን «ጸሐይ» ብለን የጻፍነውን ሰሌዳ የሟች እናት ቀርበው በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉና ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። «የእኔ ልጅ በፀሐዩ ፀ ነበር የምትጽፈው» አሉን። አልተቆጡም። እኛ ግን በዚያ ሌሊት ሰሌዳውን አስቀይረን ጠዋት አቆምነው። ስለዚህ የጸና የፀ፣ የሀ የሐ የኃ፣ የሰና የሠ፣ የአና የዐ ልዩነት ያለበት ስም ሁሉ ከመታወቂያዋ ወይም ከደብተሯ ላይ ይረጋገጥ። የቤት ስም ካላት ቤተሰቡ የመረጠው ይጻፍ።

በውጭ አገር ለሚሠሩ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። በእኛ ልማድ ሴት የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች፤ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ግን በመኖሪያ ወረቀቷ ላይ የባሏ ስም ገብቶ ሊሆን ይችላል። ከፖሊስ መዝገብ እንዳለ ከተገለበጠ ሟቿ የገዳይዋን ስም በደረቷ ተሸክማ ትቆማለች። የአባቷ ስም ይመለስላት። ጽሑፉ በአማርኛና በአገሩ ቋንቋ ጎን ለጎን ይሁን፤ አማርኛው ከላይ ይምጣ። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ የውጭው በቅንፍ ይከተል።

አራተኛ፦ ምስሉን መቁረጥ

ለአንድ ምስል 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ተስማሚ ነው። መደበኛው ሉህ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ እጆቻቸውን ወደ አካላቸው ያስጠጉ ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን ይወጡበታል፤ ከላይ የሚተርፈው 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ደግሞ ለማቆሚያና ለሰሌዳ ይበቃል። ስለዚህ ለ12 ሴቶች ስድስት ሉህ፣ ስም ለሌላት ምስል አንድ ተጨማሪ ሉህ ይገዛል።

ቅርጹ የሚወሰደው ከሕያው ሰው ነው። ሉሁ መሬት ላይ ተዘርግቶ ፈቃደኛ የሆነች ሴት በጀርባዋ ትተኛበታለች፤ ሌላዋ እርሳሱን ቀጥ አድርጋ፣ ከአካሏ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብላ ዙሪያዋን ትከተላለች። ይህ ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። አንዲት ተማሪ ለዚህ ተኝታ ከተነሣች በኋላ የራሷን ቅርጽ መሬት ላይ ቆማ ስታይ ቆየች፣ ከዚያም ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች፤ የዚያን ቀን ሌላ አልሠራንም። ስለዚህ የሟች ዘመድ፣ ወይም ራሷ ጥቃት የደረሰባት ሴት፣ ራሷ እስካልጠየቀች ድረስ ለዚህ አትጋበዝ። ለእያንዳንዷም ዕረፍት ይሰጥ።

ቅርጾቹ ይለያዩ። ሁሉንም በሀበሻ ቀሚስና በነጠላ ማቆም ያምራል፣ እውነት ግን አይሆንም፤ ከተገደሉት መካከል የባንክ ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ ነርስ፣ ጀበና ይዛ መንገድ ዳር የምትቀመጥ ነጋዴ ይኖራሉ። አንዷ ቦርሳ በትከሻዋ፣ አንዷ ሕፃን በጀርባዋ፣ አንዷ መጽሐፍ በክንዷ ትያዝ። እንሥራ የተሸከመች ምስል የምትቆመው ለእንሥራ ተሸካሚ ብቻ ነው።

አናጺው ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ቦታዎች አንገትና ቁርጭምጭሚት ናቸው። አንገቱ ከአሥር ሳንቲ ሜትር ከጠበበ በመጓጓዣ ላይ ይሰበራል፤ እግሮቹም በቀሚሱ ጠርዝ ወይም በመሬት መስመር እርስ በርስ ይያያዙ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ መጋዝ ከተገኘ ጠርዙ ንጹሕ ይወጣል። ከዚያ ጠርዙ በስቱኮ ይሞላ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፤ ልጆች በእጃቸው ሊነኩት ይችላሉና ስንጥር አይተው።

ማቆሚያው ከጀርባ በሁለት ማጠፊያ የሚያያዝ፣ ሲታጠፍ ከምስሉ ጋር የሚጋደም ባለ ሦስት ማዕዘን እንጨት ነው፤ ቁመቱ 80፣ ወደ ኋላ የሚዘረጋው እግሩ 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ደጅ ላይ ከቆመ ነፋስ ይጥለዋል። ምስሉ ራሱ ከአምስት ኪሎ ብዙ አይበልጥም፣ ሰፊ አካሉ ግን እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛል፤ በእያንዳንዱ ማቆሚያ እግር ላይ ከ12 እስከ 15 ኪሎ የሚመዝን የአሸዋ ከረጢት ይቀመጥ። ከረጢቱም ቀይ ወይም ጥቁር ጨርቅ ይልበስ። ለሐዘን በመጣ ሰው ፊት ምስል ሲወድቅ ማየት ምን እንደሚመስል አይቻለሁ፤ በአሸዋ አትሰስቱ።

አምስተኛ፦ ቀለምና ሰሌዳ

መጀመሪያ የእንጨት መሠረት ቀለም፣ ቀጥሎ ሁለት ጊዜ ቀይ ዘይት ቀለም በሮለር ይቀባ፤ በመካከሉ አንድ ሌሊት ይደር። በእኛ ዘንድ የሐዘን ቀለም ጥቁር ስለሆነ «ለምን ጥቁር አታደርጉትም?» የሚል ይመጣል። ጥቁር የሐዘንተኛው ልብስ ነው፤ ቀዩ ምስል ግን የቆመው የሟቿን ደም ይዞ ነው ብሎ መመለስ ይቻላል። ጀርባውም ይቀባ፤ ሰው ዞሮ ያያል።

ሰሌዳው ስፋቱ 20፣ ቁመቱ 28 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ በወርቃማ ቀለም ይቀባ፤ ጽሑፉ በወፍራም ጥቁር ይታተም። የአማርኛ ፊደላት በትንሽ እግርና ቅጥል ስለሚለያዩ ለሌላ ቋንቋ ከሚበቃው መጠን ከፍ ማለት አለባቸው፤ እየታተመ በአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ቆማችሁ አረጋግጡ፣ መነጽር የሚያደርጉ አዛውንትም ይሞክሩት። ሰሌዳው በሙጫ ሳይሆን በአራት ትንንሽ ብሎን ይያዝ፤ ስህተት ሲገኝ ወይም ፍርድ ሲሰጥ ይፈታል።

ገንዘብ ለሌለው ቡድን፦ ቀይ ጫማዎች

እንጨትና አናጺ የማይገኝ ከሆነ፣ የሜክሲኮዋ ሠዓሊ ኤሊና ቾቬት የጀመረችው መንገድ አለ። እህቷ በባሏ የተገደለችባት ይህች ሴት እ.ኤ.አ. በ2009 በሲዩዳድ ኋሬዝ ከተማ ከነዋሪዎች የተለገሡ 33 ጥንድ ቀይ ጫማዎችን መንገድ ላይ ደረደረች። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ ዓለምን ዞሯል። በቴል አቪቭ ሐቢማ አደባባይ ዲሴምበር 4 ቀን 2018 ሴቶች ሥራ ባቆሙበት ዕለት ወደ 200 የሚጠጉ ቀይ ጫማዎች ተደርድረው ነበር፤ በእስራኤል ከተገደሉት ሴቶች መካከል የቤተ እስራኤል ሴቶች ከሕዝብ ቁጥራቸው ጋር ሲነጻጸር እጅግ በዝተው መገኘታቸውን የሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ይህን በቀላሉ አይረሳውም። በኢስታንቡልም እ.ኤ.አ. በ2019 ሠዓሊው ቫሂት ቱና በአንድ ሕንፃ ግድግዳ ላይ 440 ጥንድ ጥቁር ባለ ተረከዝ ጫማዎችን ሰቅሎ ነበር፤ ቁጥሩ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ በቱርክ የተገደሉትን ሴቶች የሚወክል ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ያገለገሉ ጫማዎች ከሰፈር ይሰበሰቡ፣ ታጥበው ይድረቁ፣ በውኃ በሚሟሟ ቀይ ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀቡ፣ በጥንዶቹ መካከል ግማሽ ሜትር ይተው። ባለ ተረከዝ ብቻ አይሁን፤ ሸራ ጫማ፣ ነጠላ ጫማ፣ የዝናብ ቦቲም ይግባ። የሟች የራሷን ጫማ ግን ቤተሰብ ራሱ ካላመጣ አትጠይቁ፤ ካመጡም አትቀቡት፣ እንዳለ ይቀመጥ።

ስድስተኛ፦ ቀን፣ ቦታና ፈቃድ

ብዙ አገሮች የሚመርጡት በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1999 በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃት ማስወገጃ ቀን ሆኖ የተሰየመውን ኖቬምበር 25ን ነው፤ ቀኑ የዶሚኒካን ሪፐብሊኮቹ ሚራባል እህትማማቾች እ.ኤ.አ. በ1960 የተገደሉበት ነው። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 16 ላይ ይውላል፣ ከጳጉሜን 6 በኋላ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ኅዳር 15። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 1 የሚዘልቁት 16 ቀናት የዘመቻ ቀናት ናቸው። ለአዲስ አበባ ወሩ ራሱ ጥሩ ነው፤ ዝናቡ አልፏል፣ ደጅ መቆም ይቻላል። በዚያ ቀን ለመድረስ የቤተሰብ ጉብኝቱ ቢዘገይ በሐምሌ መጀመር አለበት።

ቦታው ሰው ሆን ብሎ የሚመጣበት አዳራሽ ብቻ ባይሆን እመርጣለሁ። የዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ፣ የሆስፒታል መተላለፊያ፣ የፍርድ ቤት ደጃፍ፣ የቤተ መጻሕፍት ግቢ ይሻላል፤ ሴትዮዋ ሳያስባት ፊት ለፊት ትግጠመው። የግቢው ባለቤት በጽሑፍ ይፍቀድ። ሰልፍ ካለበት በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ከ48 ሰዓት በፊት ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በጣም ቀድሞ መጀመር ይሻላል።

ሰባተኛ፦ ማስገባትና ማቆም

ምስሎቹ በመኪና መጥተው ተራግፈው አይቁሙ። የሚኒሶታዎቹ ሴቶች እንዳደረጉት በሰው እጅ ተይዘው ይግቡ፤ ለአንድ ምስል ሁለት ሰዎች፣ አንዷ ከትከሻ፣ አንዷ ከእግር። የሟች ቤተሰብ መሸከም ከፈለገ ይቅደም። በመግቢያው ላይ ንግግር አይኑር፤ ስሟ ከነአባቷ ስም ይጠራል፣ ምስሏ ይቆማል፣ ቀጣዩ ስም ይጠራል። እናቶች ሙሾ ቢያወጡ ዝም አታሰኟቸው። የአዘጋጆቹ ዝምታ ለእናቶቹ የሚጠቅም ከሆነ ብቻ ነው የሚጠቅመው። ወንበር፣ ውኃና ጥላ ለቤተሰብ በተለየ ቦታ ይዘጋጅ።

አቋቋማቸው እንደ ሱቅ መደርደሪያ በቀጥታ መስመር አይሁን። ሰው በመካከላቸው እንዲያልፍ በሁለት ምስሎች መካከል አንድ ሜትር ተኩል ይተው፤ ስለዚህም በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ጎብኚ ያልፋል። ስም የሌላት ምስል ከመግቢያው ሳይሆን ከሌሎቹ መካከል ትቁም፤ ሰሌዳዋ ባዶ ሆኖ ወርቃማ ብቻ ይሁን። «ራሷን አጠፋች» ተብሎ የተቀበረች እህት ያለችው ሰው ከዚያች ምስል ፊት ሲቆም አይቻለሁ፤ ማንም ምንም አላስረዳውም።

የልጆቿን ፊት ማንም ፎቶ እንዳያነሣ አንድ ሰው ይመደብ። የገዳዩ ዘመዶች ሊመጡ እንደሚችሉም ይታሰብ፤ አብዛኞቹ አፍረውና አዝነው ነው የሚመጡት፣ ክርክር የሚያነሣ ካለ ግን በትሕትና ወደ ውጭ የሚሸኘው አንድ የተከበረ ሰው በቦታው ይኑር።

ስምንተኛ፦ ዛሬ በዚያ ቤት ላለችው

ዐውደ ርእዩን ከሚያዩት መካከል ራሷ አደጋ ላይ ያለች ሴት መኖሯን እርግጠኛ ሁኑ። ለእሷ የሚሆን ጠረጴዛ ከመግቢያው የማይታይ ጥግ ላይ ይቀመጥ፤ እዚያም የሠለጠነች አማካሪ ትገኝ። እንደ ሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ያሉ መጠለያ ያላቸው ድርጅቶች አስቀድመው ይጋበዙ። የስልክ ቁጥር የሚጻፈው በትልቅ በራሪ ወረቀት ሳይሆን በጫማ ውስጥ በሚደበቅ፣ ርእስ በሌለው ትንሽ ካርድ ላይ ነው፤ ከመታተሙ በፊት እያንዳንዱን ቁጥር ራሳችሁ ደውሉበት፣ በማታም ጭምር። በጎ ፈቃደኞቹ አንድ ነገር ተምረው ይግቡ፦ የሚነግራቸውን ሰው ይሰማሉ፣ ያምናሉ፣ ወደ አማካሪዋ ያደርሳሉ፤ «ተነጋግራችሁ ተስማሙ» አይሉም።

ከዚያ በኋላ

ምስሎቹ ሲነሡ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ቆመው ይቀመጡ፤ ተደራርበው ከተጋደሙ ቀለማቸው ይጣበቃል። በየዓመቱ ከመውጣታቸው በፊት ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ይደወል። ሙት ዓመቷን ቤተሰቡ ሲያስብ ምስሏን ለአንድ ቀን ቢፈልግ ይሰጥ። ልጇ አድጋ መጥታ ሰሌዳው ላይ የምትጨምረው ወይም የምታወጣው ነገር ካለም፣ አራቱ ብሎኖች የተቀመጡት ለዚህ ነውና ሰሌዳው ተፈትቶ እሷ እንዳለችው ይጻፍ።